ባለ አንድ በሬው ሃይድሮጅን

ጦርነት ሲመጣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የማይረባ ሆኖ የሚገኘው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የኬሚስትሪ አስተማሪ! አትሳቁ… የምሬን ነው። ነርስ ቁስል ታጥባለች። ልብስ ሰፊ የተቀደደውን ይሰፋል። የእንግሊዝኛ አስተማሪ እንኳ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን አንብቦ “ኧረ ይሄ የሚቀባ እንጂ የሚጠጣ አይደለም!” ብሎ የሰው ነፍስ ያተርፋል። የስፖርት አስተማሪው ቢያንስ ይሮጣል። የኬሚስትሪ አስተማሪስ? ውኃ ከምንና ከምን እንደተሠራች ሲያስረዳችሁ ይውላል እንጂ ቀድቶ አያመጣላችሁም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በራሴ ላይ ደርሶ ነው ያየሁት።

ያን ሰሞን ከወልድያ በኩል የሚሰማው ድምፅ ቀን በቀን እየቀረበ መጣ። መርሳ ላይ ሱቁ ሁሉ በሩን ዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ መብራት ሄደ፣ ትምህርት ቤታችንም ለክረምት እንደተዘጋ በዚያው ተዘግቶ ቀረ። አንድ ረፋድ ላይ ባለቤቴ ዘውዴ “በል የምትይዘውን ያዝና እንውጣ!” አለችኝ። እሷ ልጃችንን አዘለች፣ ዱቄቱን ተሸከመች፣ በአንድ እጇ ድስት በሌላው ጄሪካን አንጠለጠለች። እኔም በበኩሌ ቦርሳዬን አንግቼ ተከተልኳት። ከተማውን ለቀን አንድ ዛፍ ሥር አረፍ ስንል ቦርሳዬን ከፈተችው። አንድ ፓኬት ጠመኔ፣ የዘጠነኛ ክፍል የኬሚስትሪ መጽሐፍ፣ እና ተጠቅልሎ በክር የታሰረ ትልቅ ወረቀት አገኘች።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለችኝ ወረቀቱን ይዛ።

“ፔሪዮዲክ ቴብል ነው።”

“ጨው ያዝ ብዬህ አልነበር?”

ወረቀቱን ገለጥ አድርጌ በጣቴ አሳየኋት። “ይኸውልሽ፣ ሶድየም እዚህ ጋ አለ። ክሎሪን ደግሞ እዚያ ማዶ…”

አላስጨረሰችኝም። ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም፤ ይህን ጋዜጣ ልጆችም ያነቡታል።

የሄድነው ከግራና ከተማ ወዲህ ወዳለች አንዲት መንደር፣ ወደ አያ እንድሪስ ቤት ነው። አያ እንድሪስ የተማሪዬ የከድጃ አባት ናቸው። ከድጃ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈች፣ ጥያቄ መጠየቅ ስትጀምር እኔን ላብ የምታስጠምቅ ጎበዝ ልጅ ናት። አባቷ ከሩቅ ሲያዩን ነጠላ ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ ወጥተው “ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ፣ አብሽሩ!” እያሉ ልጁን ከዘውዴ ጀርባ ተቀበሉ። የእህል ማስቀመጫ ክፍላቸውንም ለቀቁልን። ክፍሉ ለሦስታችን ሲሰፋን በጣም ደስ አለኝ። ለምን ሊሰፋን እንደቻለ ግን ያኔ አላሰብኩበትም፤ እህል ስለሌለበት ነበር።

እንግዲህ እንደ ሰው ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። እንጨት ልፍለጥ ብዬ የመጥረቢያውን እጀታ ሰበርኩ። አጥር ላጥብቅ ብዬ የቆመውን ጣልኩ። ፍየል ጠብቅ ተባልኩና ይዣቸው ወጣሁ፤ መንገዱ ጠፍቶኝ ስዋትት ፍየሎቹ ራሳቸው እየመሩ ቤት መለሱኝ። አያ እንድሪስ ክፉ ቃል የማይወጣቸው ሰው ናቸው። “ተወው መምህር፣ አንተ አረፍ በል” አሉኝ በትሕትና። የወሎ ሰው “አረፍ በል” ሲል “እባክህ ከዚህ በላይ አታጥፋ” ማለቱ መሆኑን የአገሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አፈርኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሰው ቤት እየበላሁ ለምንም አለመዋሌ ከመድፉ ድምፅ ይበልጥ ያስጨንቀኝ ነበር።

ከአያ እንድሪስ ቤት አርባ እርምጃ ያህል ርቆ የአያ ሙሄ ቤት አለ። አያ እንድሪስ አንድ በሬ አላቸው፤ ቦራ ይባላል። አያ ሙሄም አንድ በሬ አላቸው፤ እሱ ዳለቻ ነው። በአንድ በሬ አይታረስ! ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ከጉርምስናቸው ጀምሮ መቀናጆ ናቸው። መቀናጆ ማለት፣ አንተም አንድ በሬ እኔም አንድ በሬ እናምጣና እናጣምዳቸው፣ አንድ ቀን ያንተ ማሳ አንድ ቀን የኔ ማሳ ይታረስ ማለት ነው። እንደዚህ ሆነው ስንትና ስንት ክረምት አሳልፈዋል። በሐምሌ ግን የአያ ሙሄ የጤፍ ማሳ ሲታረስ ቦራ መሐል እርሻ ላይ ዘፍ ብሎ ተኛ። ቢገፉት፣ ቢጎትቱት፣ ወይ ንቅንቅ! አያ ሙሄ ቆሽታቸው አረረና ጅራፉን ጥለው በሬውን አንድ ቃል ተናገሩት።

“ጌታህን መሰልህ!”

አያ እንድሪስ አጥሩ ጋ ቆመው ይሰሙ ነበር። በሬያቸውን ፈተው ይዘው ሄዱ፤ የሁለቱም ጤፍ ሳይዘራ ቀረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሽማግሌ ሁለቴ ተቀምጦባቸዋል። አያ እንድሪስ “አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ይበለኝና ያልቃል” አሉ። አያ ሙሄ ደግሞ “እኔ የሰደብኩት በሬውን ነው፤ ከተፈለገ በሬውን አፉ በለኝ እላለሁ” አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ከድጃ ናት። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

“ቲቸር፣ መረሬው፣ ጥቁር አፈሩ፣ እየደረቀ ነው። እርጥበቱ ሳይሸሽ ሽምብራው ካልተዘራ ዘንድሮ ሌላ የምንዘራው የለም። ባለ ሁለት በሬዎቹ ጦርነቱን ፈርተው ከብታቸውን ወደ ቆላ አሽሽተዋል፣ የምንዋሰው እንኳ አጣን። ሽምብራው ከቀረ የምንበላውም የለም፣ እኔም ትምህርቴን እተዋለሁ።”

“ስንት ቀን አለን?”

“ሽማግሌዎቹ ቢበዛ አንድ ሳምንት ይላሉ።”

“አይዞሽ” አልኳት። ምን ይዤ አይዞሽ እንዳልኩ አትጠይቁኝ። ጠመኔ ይዤ ነው!

ልጅቷ ሐሳቧ እንዲቀል ብዬ በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ጀመርኩላት። ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ጥቁር ሰሌዳ የለም፣ ስለዚህ የቤቱ በር ሰሌዳ ሆነ። በሩ ግን ሁለት ተካፋች ነው፤ ሰው በወጣ በገባ ቁጥር ግራ ላይ የጻፍኩት አቶም ቀኝ ላይ ከጻፍኩት ይለያያል። መንገድ ዝግ፣ ገበያ ዝግ፣ ሬዲዮው ባትሪ የለው… የመንደሩ ሰው ሌላ የሚያየው ስላልነበረ አንድ ሁለት እያለ ግቢውን ሞላው። አያ እንድሪስ ቀኝ ጥግ ተቀመጡ። አያ ሙሄ ግራ ጥግ ላይ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ተቀመጡ። ለማየት ሳይሆን ለመስማት ብቻ የመጡ መሆናቸው ነው።

“ዛሬ የምንማረው አቶሞች ለምን እንደሚጣመሩ ነው” ብዬ ጀመርኩ።

“ምን ጎድሏቸው?” አሉ አያ እንድሪስ።

ይገርማችኋል፣ ስንት ዓመት ሳስተምር እንደዚህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ነገሩ ሁሉ እሱ አይደል! አቶም የሚጣመረው ስለጎደለው ነው። የበሩ አንዱ ተካፋች ላይ ሂሊየምን ጻፍኩ።

“ይኸውላችሁ፣ ይሄ ሁለት ኤሌክትሮን አለው። ሞልቶለታል። ማንንም አይፈልግም፣ ከማንም አይቀላቀልም።”

“ባለ ሁለት በሬ ነዋ!” አሉ አያ ሙሄ ከአጥሩ ጋር እያወሩ።

“ይሄ ደግሞ ሃይድሮጅን ነው። ያለው አንድ ብቻ ነው…”

“ባለ አንድ በሬ!” አሉ አያ እንድሪስ።

“ታዲያ ሌላ ባለ አንድ ሃይድሮጅን ይፈልግና፣ አንዱም አንድ ሌላውም አንድ አምጥተው፣ ሁለቱን ኤሌክትሮን በጋራ…”

“መቀናጆ!!” አለ ግቢው በሙሉ።

ዓይን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ጥግ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ ጥግ ዞረ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ኮቫለንት ቦንድ እያልኩ ያስተማርኩት ነገር ለካ እዚህ አገር ስም ነበረው!

“መምህር” አሉ አያ እንድሪስ፣ “ማን ቀድሞ ነው የሚያርሰው?”

“ቀዳሚ የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚጠቀሙበት።”

“የሃይድሮጅን በሬ መሐል እርሻ ላይ አይተኛም መሰለኝ” አሉ አያ ሙሄ ለአጥሩ።

“የሃይድሮጅን ጎረቤት አፉ አይከፋም መሰለኝ” አሉ አያ እንድሪስ ለሰማዩ።

“በለው እንግዲህ፣ መምህር!” አሉ አያ ሙሄ።

“አንተም በለው!” አሉ አያ እንድሪስ።

ሁለቱም ተነሥተው ሄዱ። አያ እንድሪስ በሩን ከፍተው ሲገቡ ሁለቱ ሃይድሮጅኖቼ ግራና ቀኝ ተለያዩ።

ቅስሜ ተሰበረ። ግን ግትር ነኝ፣ በማግስቱ ሌላውን ልሞክር አልኩ፤ አዮኒክ ቦንድን። ይሄ ደግሞ አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ የሚሆንበት ነው። ሶድየም ዳር ላይ አንዲት የተረፈች ኤሌክትሮን አለችው፣ ክሎሪን ደግሞ አንዲት ጎድላዋለች። ሶድየም ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል፣ ከዚያ ወዲያ ተሳስበው ይጣበቃሉ። “ሰጪው በመስጠቱ አይጎድልም!” ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ አጥሩ ጋ ያሉት ሰውዬ እንዲሰሙኝ። “እንዲያውም የሞላለት ይሆናል! ሁለቱ ሲታረቁ… ማለቴ ሲጣመሩ፣ ምን ይሆናሉ? ጨው!”

ጨው! ምን አለ ምላሴን በቆረጠው! ያን ሰሞን መንገድ ስለተዘጋ ጨው ከመንደሩ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ወጡ አልጫ፣ ቂጣው አልጫ፣ ሰው ሁሉ ፊቱ አልጫ ሆኗል። እኔ ይህን ረስቼ ለሰላሳ ሰው “ጨው እንዲህ ነው የሚሠራው” እያልኩ በር ላይ እጽፋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ዘውዴ ቀሰቀሰችኝ። ፊቷን ሳየው ሳቋን አፍና ይዛዋለች።

“ተነሥ፣ ጨውህን ሊወስዱ መጥተዋል።”

“ማን?”

“ወጥተህ እያቸው!”

ብወጣ… ጉድ በል የመርሳ ሰው! ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። ጣሳ የያዘች፣ ቅል የያዘች፣ የሻይ ብርጭቆ የያዘች። ከማዶ መንደር ድረስ የመጡ አሉበት። አንዲት እናት አህያ ይዘው ነበር፤ ኩንታል እንደሚሆን ማን ነገራቸው? ፊት ለፊት የቆሙት የአያ ሙሄ ባለቤት እትዬ ሰዓዳ ናቸው።

“መምህር፣ አላህ ይስጥህ፣ ለእኔ ለዛሬ ወጥ የሚሆን ብቻ ቆንጠር አርግልኝ።”

“እትዬ፣ እኔ እኮ… እንዴት እንደሚሠራ አወቅኩ እንጂ…”

“አወቅኩ ካልክ ሥራዋ!”

“ሶድየሙ የለኝም። ቢኖረኝም አደገኛ ነው። ለብቻው ሲሆን ውኃ ከነካው ይቀጣጠላል።”

“ሌላኛውስ?”

“ክሎሪን? እሱ ደግሞ ለብቻው መርዝ ነው። አየሩ ራሱ ሰው ይገድላል።”

እትዬ ሰዓዳ ጣሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ቆይ… አንዱ በትንሹ የሚቀጣጠል፣ አንዱ ለብቻው መርዝ የሆነ?”

“አዎ።”

“ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሰው የሚበላው ነገር ይሆናሉ?”

“አዎ፣ እትዬ።”

ወደ ሴቶቹ ዞሩ። “ሰማችሁ? እዚህ መንደር ሁለቱም አሉን እኮ! በትንሹ የሚቀጣጠለው እኔ ቤት ነው ያለው፤ ኩርፊያው መርዝ የሆነው ደግሞ እዚህ ቤት ነው። በል መምህር፣ እነዚህን አገናኝና ጨው እንኳ ባይሆኑ ሽምብራ ይሁኑልን!”

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አህያ ይዘው የመጡት እናት እንኳ ሳቁ። አያ እንድሪስ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሳቅ እንዳያመልጣቸው ጺማቸውን ይዘዋል። አያ ሙሄ በአጥራቸው ላይ አንገታቸውን አስግገው “ሰዓዳ፣ ግቢ!” ቢሉም የሰማቸው የለም። ዘውዴ ከሁሉም ብሳ ከት ከት ትላለች፤ ከመርሳ ከወጣን እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ይህን ዕድል አላሳለፉትም። ሴቶቹ ሳይበተኑ እዚያው ተቀመጡና እንዲህ ወሰኑ። በሬዎቹ አልተጣሉም። ስለዚህ በሬዎቹ ይቀናጁ፤ ሰዎቹ መነጋገር ካልፈለጉ አይነጋገሩ። አያ እንድሪስ ተስማሙ፣ ግን “የሙሄ እጅ ቦራን እንዳይነካ” አሉ። አያ ሙሄ ተስማሙ፣ ግን “እኔስ ብሞት እነካዋለሁ?” አሉ። ታዲያ ቦራን ማን ይወስዳል? ማን ይጠምዳል? ማን ያስታርቃል… ማለቴ ማን ያመላልሳል? ሁሉም ዞሮ ወደ እኔ አየ። ሥራ የሌለው አንድ ሰው እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ የታረሰው የአያ እንድሪስ ማሳ ነው። እሳቸው በሬያቸውን ራሳቸው ስለጠመዱ ነገሩ ሰላም ሆኖ ዋለ። የእኔ ሥራ ወሬ ማድረስ ብቻ ነበር። ሥራ ከተባለ! ሰዎቹ አርባ እርምጃ ተራርቀው ቆመው፣ አንዱ የሚለውን ሌላው በደንብ እየሰማው፣ እኔ መሐል ላይ እሮጣለሁ።

“መምህር፣ ‹ዳለቻ ሳር በልቷል ወይ?› ብለህ ጠይቀው” ይላሉ አያ እንድሪስ።

“‹ከሰው ቀድሞ በልቷል› በለው!” ይላሉ አያ ሙሄ፣ እኔ ገና ሳልደርስ።

ተመልሼ “ከሰው ቀድሞ በልቷል ይላሉ” እላለሁ።

“ሰምቻለሁ!”

አመሻሽ ላይ እግሬ ዝሎ ስገባ ዘውዴ ውኃ አሙቃ ቆየችኝ። “ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?” ስትለኝ “ስሮጥ!” አልኳት። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልደብቃችሁም።

በማግስቱ የአያ ሙሄ ተራ ሆነ። ቀንበሩን በትከሻዬ፣ ቦራን በገመድ ይዤ ሄድኩ። አያ ሙሄ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ቆመዋል፣ እንዳይነኩት። አያ እንድሪስ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ እንዳይነካባቸው። ከድጃ የሽምብራውን ዘር በእንቅብ ይዛ ትጠብቃለች። እኔ የቦራን አንገት በቀንበሩ ማነቆ ውስጥ አስገብቼ የቆዳ ማሰሪያውን፣ ጠፍሩን፣ ማሰር ስጀምር ከወልድያ ማዶ አንድ ከባድ መሣሪያ “ጓ!” አለ። ምኑን ልንገራችሁ! እጄ ጠፍሩን እንደያዘ ቁጭ ብዬ በሬው ሥር ገባሁ።

“መምህር” አሉ አያ ሙሄ፣ “በሬ ሥር ከመድፍ ያስጥላል እንዴ?”

እየዳህኩ ወጣሁና ጠፍሩን አሥሬ ጨረስኩ። አያ ሙሄ እርፉን ያዙ፣ ጅራፉ ጮኸ፣ በሬዎቹ ሄዱ። አንድ ትልም ወጣ፣ ደስ አለን። ሁለተኛው ትልም መሐል ላይ ቦራ ቆመ። ከዚያ እግሩን አጠፈ። ከዚያ… ዘፍ! በሐምሌ የተኛበት ቦታ ላይ!

ከድጃ እንቅቡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። አያ እንድሪስ ከድንጋዩ ብድግ አሉ። አያ ሙሄ አፋቸውን ከፈቱ። ምን ሊሉ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያችን ቃል ከደገሟት ሽምብራው ገደል ገባ፣ የከድጃ ትምህርትም አብሮ ገባ። አፋቸውን ገጠሙት። መልሰው ከፈቱት። መልሰው ገጠሙት። አንገታቸው ሥር ያለው ደም ሥር ተገትሮ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው የቦራን አንገት አዩና፣ በዚያች ደቂቃ ኩርፊያቸውን ረስተው ጮኹ።

“እንድሪስ! ኧረ ና እየው፣ ይሄ ሰውዬ በሬህን ሊያንቀው ነው!”

ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቃል ናት!

አያ እንድሪስ እየሮጡ መጡ። ጎንበስ ብለው ጠፍሩን አዩት። ለካ ፈርቼ ሳስር አንድ ዙር ሳይሆን ሦስት ዙር ጠምጥሜ በሬውን ትንፋሽ አሳጥቼዋለሁ።

“የአላህ ያለህ! ይሄ እኮ በሬ ማሰሪያ አይደለም፣ ጆንያ ማሰሪያ ነው!”

“እንድሪስ፣ እውነት ይሄ ሰው አስተማሪ ነው?”

“ልጅቷ ጎበዝ ነው ትላለች… ምን ላድርግ?”

“ወላሂ እኔ እስካሁን አላየሁበትም!”

“እኔ ጋ መጥረቢያ ሰብሯል።”

“ፍየሎቹስ? ፍየሎቹ አይደሉ ይዘውት የመጡት!”

ሁለቱ ሰዎች ከበሬው ግራና ቀኝ ተንበርክከው፣ እየተቀባበሉ እኔን ሲያሙኝ፣ እኔ አናታቸው ላይ ቆሜያለሁ እኮ! እያሙኝ አራት እጅ ሆነው ጠፍሩን ፈቱት። አያ ሙሄ ጠፍሩን በጣታቸው እያገላበጡ መሬት መሬቱን አዩ።

“በሐምሌ ጊዜ… ጠፍሩን ያሰርኩት እኔ ነበርኩ” አሉ። “ዝናብ ሊመጣብኝ ነው ብዬ ቸኩዬ ነበር።”

አያ ሙሄ እጃቸውን ቦራ ግንባር ላይ አኖሩ፤ ያ እንዳይነካ የተባለው እጅ።

“ቦራ፣ አፉ በለኝ።”

“አፉ ብዬሃለሁ” አሉ አያ እንድሪስ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው “ማለቴ… ብሎሃል” አሉ።

ቦራ ተነሣ። ቀኑን ሙሉ አልተኛም። እኔ ከበሬው አሥር እርምጃ እንድርቅ ተደርጌ ዳር ቆምኩ፤ ሽማግሌዎች ሳይቀመጡ፣ በአንድ ድምፅ የተወሰነብኝ ውሳኔ ነው። ዓይኔን ያረጠበው ነገር ነበር፣ ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት። ላብ አልነበረም፣ እያለቀስኩ ነበር።

ከድጃ ዘሩን እየበተነች አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለች። “ቲቸር፣ የኮቫለንት ቦንዱን አሁን ነው በደንብ የገባኝ።”

“እንዴት?”

“በጋራ የሚይዙት በሬውን መስሎኝ ነበር። በሬዎቹ እኮ በሐምሌም ነበሩ። የጎደለው መሐል ላይ የሚሮጠው ነው። ትንሽ ነው፣ አንድ ቦታ አይቆምም፣ አሁን የት እንዳለ በትክክል አይታወቅም፣ ሁለቱም የእኔ ነው ይሉታል…” ሳቋን መያዝ አቃታት። “ቻርጁ ደግሞ ኔጋቲቭ ነው!”

“አንቺ ልጅ!”

“ይቅርታ ቲቸር፣ ግን ኤሌክትሮን ማለት አንቱ ነዎት!”

ሽምብራው እርጥበቱ ሳይሸሽ ገባ። በደንብም በቀለ። መንገዱ ተከፍቶ ወደ መርሳ ስንመለስ አያ እንድሪስና አያ ሙሄ እስከ አስፋልቱ ሸኙን፤ እየተጨቃጨቁ፣ ማን ቦርሳዬን ይያዝ እያሉ። እንደ ድሮአቸው ሆነዋል ማለት ነው። ትምህርት ቤታችን የጠበቀን ያለ በርና ያለ መስኮት ነበር፣ እሱ ሌላ ወግ ነው። በር በሌለበት ግድግዳ ላይ ጻፍኩ። የሽምብራው እሸት ሲደርስ አያ ሙሄና አያ እንድሪስ በአንድ አህያ ጭነው ላኩልን፤ ዘውዴ ከላዩ ላይ በጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ነገር አገኘች። ፈታችው። ጨው ነበር። እትዬ ሰዓዳ ናቸው የላኩልኝ።

ከድጃም ትምህርቷን አልተወችም። የፈተናው ቀን ደርሶ ተፈትና ስትመለስ ቤቴ ድረስ መጣች።

“ኬሚስትሪው እንዴት ነበር?” አልኳት።

“ፈታኙ ሊያስወጣኝ ነበር ቲቸር!”

“ምን አድርገሽ?!”

“ሳቅሁ። ጥያቄው ‹በኮቫለንት ቦንድ ሁለት አቶሞች በጋራ የሚይዙት ምንድን ነው?› ይላል። ምርጫዎቹን ሳነብ ‹ሲ› ላይ ‹ኤሌክትሮን› የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ፈታኙ መጥቶ ‹ምን ያስቅሻል?› ሲለኝ ‹አስተማሪዬን አየኋቸው› አልኩት። ‹የት?› ብሎ ወደ በሩ ዞረ።”

“ታዲያ ምን አደረግሽ?”

“ምን አደርጋለሁ ቲቸር… አንቱን አጥቁሬ ወጣሁ!”